ጥቁሩን ሽቦ ከባትሪው ጋር አታገናኙ

በሐርጌሳ ከተማ በጉርብትና የምናውቃቸው አንድ ባለ ሻይ ቤት ሽማግሌ አሉ። እኛ «አዴር» እንላቸዋለን፤ በሱማልኛ አጎት ማለት ነው። እርሳቸውም እንደ አገሩ ልማድ እኛኑ መልሰው «አዴር» ይሉናል።

አዴር ከራዲዮ ሐርጌሳ የተቀዱ የጥንት ዘፈኖች በካሴት አሏቸው። ጣቢያው ሥራ የጀመረው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። የሲያድ ባሬ መንግሥት በ1988 ከተማይቱን በአውሮፕላን በደበደበ ጊዜ ሰዎች ካሴቶቹን እየሸሸጉ፣ አንዳንዱንም በመሬት እየቀበሩ አተረፏቸው። አዴር ደግሞ እስፒከራቸውን ተሸክመው በኢትዮጵያ ወደሚገኘው ወደ ሐርቲሼክ የስደተኞች ሠፈር ተሰደዱ፤ ይዘውትም ተመለሱ። እንግዲህ ድምፁ ከፍ እንዲል አድርጉልኝ ብለው ለእኛ የሰጡን ይህንኑ እስፒከር ነበር።

አማርኛ ለምትማሩ አንባብያን አንድ ቃል እናስታውሳችሁ። ሕዝቡ የሚናገሩበትንም፣ ድምፁን የሚያጎላውንም፣ ድምፁ የሚወጣበትንም «ድምፅ ማጉያ» ይላል። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ በጣት ማመልከት ይሻላል። እኛ እዚህ «ማጉያ» የምንለው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ባለ 12 ቮልት ባትሪና ቲ.ዲ.ኤ. 2005 የተባለውን ቺፕ ይዘን ሄድን። በቺፑ ውስጥ ሁለት ማጉያዎች አሉ። እስፒከሩ በሁለቱ መውጫዎች መካከል እንደ ድልድይ ሲዘረጋ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ መጋዝ ግንድ ሲሰነጥቁ እንደምታዩት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቮልቱ እጥፍ፣ ኃይሉም በሒሳብ አራት እጥፍ ይሆናል። ባለ 4 ኦም እስፒከር ከአንድ ማጉያ ቢበዛ 4.5 ዋት ሲያገኝ ከድልድዩ እስከ 18 ዋት ያገኛል፤ በተግባር ግን ያንሳል። ቺፑም አብዝቶ ስለሚግል ሰፊ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ሊታሰርበት ይገባል።

እኛ ግን በአሮጌው ልማድ ጥቁሩን ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር አገናኘነው።

ሁለቱ መውጫዎች ዘፈን ባይኖርም የባትሪውን እኩሌታ፣ ይኸውም 6 ቮልት ይዘው ይቆማሉ። እስፒከሩ በመካከላቸው ሲሆን ሁለቱ ወገን እኩል ነውና ምንም አይፈስበትም። አንደኛው ጫፍ ወደ ኔጋቲቭ ከሄደ ግን ወደ 1.5 አምፔር ያለማቋረጥ ይፈስበታል፤ በተለመደው አሠራር ይህን የሚያግደው ካፓሲተር በድልድዩ የለም። ይህም 9 ዋት ያህል ሙቀት ነው። በእስፒከሩ ውስጥ ያለው ቀጭን የሽቦ ጥቅል አልቻለውም፤ ጢሱ ወጣ።

«አዴር፣ ይህ ሽታ የዘፈኑ ነው?» አሉን። መልስ አጣን።

በማግሥቱ ከገበያ ሌላ እስፒከር ገዛን። አስቀድመን በሁለቱ መውጫዎች መካከል ያለውን ቮልት ለክተን ዜሮ ያህል መሆኑን አረጋገጥን፤ ከዚያም ሁለቱን ሽቦዎች ለየመውጫቸው ሰጥተን ከኔጋቲቩም ሆነ ከብረቱ ሣጥን ጋር እንዳይነካኩ አደረግን። ዘፈኑ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ።

አዴር የተቃጠለውን አልጣሉትም። ከስኳሩ ጣሳ አጠገብ አስቀምጠውታል፤ ሻይ ስንጠጣ ፊት ለፊታችን ነው።