በቆሎ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር



በአንድ እህል ነጋዴ ቤት ጸሐፊ ሆኜ የሚዛን መዝገብ ስጽፍ ስኖር፥ የነጋዴ ኪሳራ ከመጋዘን ሳይሆን ከማሳ እንደሚጀምር ተረድቻለሁ። ፈረስ ቤት ደጋ ስለሆነች በቆሎዋ የሚመጣላት ከወይና ደጋው ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አገር ነው። በዚያ አገር ግን በየማሳው ድንበር ባሕር ዛፍ ተደርድሮ ይታያል። አጣናውን የምንገዛ እኛ ነን፤ በቆሎው ቀጨጨ ብለን የምናማርርም እኛው ነን።

በቆሎ ፀሐይ ወዳድ ነው። ይልቁንም ጸጉር በሚያወጣበት ሰሞን ብርሃን ካጣ ፍሬው በሚገባ አይቋጠርም። ይህ ወራት በእኛ አገር ከክረምቱ ደመና ጋር ይገጥማል፤ የዛፍ ጥላ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይበረታል። ባሕር ዛፍ በሥሩም ውሃውን ይሻማል።

«እንግዲያው ጥላ የሚችል ዘር ይምጣልን» የሚሉ አሉ። የባኮ ምርምር ማእከል ያፈለቀውና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 የተለቀቀው ቢኤች 660 ቁመተ ረዥም የታወቀ ድቅል ነው፤ ነገር ግን ከባሕር ዛፍ በላይ ራሱን ሊያወጣ አይችልም። ምርጥ ዘር ብርሃንን አይተካም።

ዛፍ ሁሉ ግን የበቆሎ ጠላት አይደለም። የቡሬ ገበሬ ዋንዛና ብሳና በማሳው መካከል ይተዋል፤ ቅርንጫፉን እየመለመለ ብርሃን ያስገባል፤ የረገፈው ቅጠልም አፈሩን ያዳብራል።

ባሕር ዛፍ ለገበሬው የችግር ቀን ገንዘቡ ስለሆነ «ንቀለው» ብሎ ማዘዝ አይገባም። ነገር ግን ለእርሻ በማይመች ተዳፋት ላይ ቢተከል ሁለቱም ሀብት ይተርፍለታል። እኛም አጣና ስንገዛ በማሳ ድንበር የቆመውን እናስቀድም፤ ጉቶው ካልተነቀለ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥም እናስታውሰው።

እንዲሁም በጥላ ሥር የበቀለው በቆሎ ዘግይቶ ስለሚደርቅ ለብቻው ተሰብስቦ ይሰጣ። እርጥቡ ከደረቁ ጋር በአንድ ጆንያ ከገባ ሻጋታ ያመጣል፤ ከሻጋታም አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የውጭ አገር ገዢ ጭነቱን ይመልሰዋል። ስለዚህ በደንብ ለደረቀው ጥቂት ሳንቲም ጨምረን እንግዛ። ገበሬው ከምክራችን ይልቅ ዋጋችንን ይሰማል።