ቆሎው የእኛ፣ ላስቲኩ የማን?

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በአውቶቡስ የተጓዘ ተማሪ ሁሉ ያየውን ነው የምንጽፈው። መኪናው ሲቆም ልጆች በመስኮቱ ሥር ይሻማሉ፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የድንች ጥብስ፣ ሁሉም በላስቲክ ታስሮ። ተሳፋሪው በልቶ ይጨርስና ላስቲኩን በዚያው መስኮት ይወረውረዋል፤ ወርዋሪውም ብዙ ጊዜ ደብተር የያዘ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዕዳው የገበሬው ነው። ነፋስ ወደ ማሳው ይወስደዋል፤ ማረሻ ቢቀብረውም አይበሰብስም። ላም ጨው ጨው የሚለውን ላስቲክ ትውጠዋለች፤ በጨጓራዋ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል፤ የመክሳቷም ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከታረደች በኋላ ነው። ለመሆኑ የዚህችን ላም ዋጋ ከላስቲክ ፋብሪካው ማን ጠይቆ ያውቃል?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የ1999 ዓ.ም. አዋጅ የማይበሰብስና ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይመረትም እንዳይገባም ፈቃድ ነፍጎ ነበር፤ ገበያው ግን አልሰማም። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ደግ ነው! ነገር ግን ብስኩትና ቺፕስ የሚታሸጉበትን የሚያብረቀርቅ ከረጢት ማን ይጠይቀዋል? ላስቲክና አሉሚኒየም ተደራርበው የተጣበቁበት ስለሆነ መልሶ ለማቅለጥ እንኳ አይመችም።

አንዳንድ ወገኖች ከበቆሎ ስታርች የተሠራ ላስቲክ ይምጣልን ይላሉ። ቡሬ የበቆሎ አገር ናትና ነገሩ ጆሮ ይስባል፤ እኛ ግን ቸኩለን አናጨበጭብም። ፒኤልኤ የሚባለው ይህ ዕቃ በደንብ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት፣ ለዚሁ በተዘጋጀ ሥፍራ ነው፤ ማሳ ላይ ቢወድቅ ለዓመታት ይቆያል። ሥፍራው ሳይኖር ዕቃውን ማስመጣት የከረጢቱን ስም መለወጥ ብቻ ነው።

ቆሎ ወር አይቀመጥም፤ በተገዛበት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ የወረቀት ጥቅል ይበቃዋል፤ ድሮም በዚያ ይሸጥ ነበር። (ወረቀቱ ንጹሕ ይሁን፤ የምንበላው ቆሎ እንጂ የፈተና መልስ አይደለም።) እናቶቻችንስ ዳቦውን በኮባ ጠቅልለው ሲጋግሩ ከማን ተማሩ? ቺፕስ ግን እርጥበት ያለሰልሰዋልና ወረቀት ብቻውን አይበቃውም። የኬሚስትሪ መምህሮቻችን ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ለእናንተ ነው፤ ቡሬ ላይ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ተሠርቷል፣ ምርቱ በምን ይታሸግ?

እኛ በበኩላችን በሚቀጥለው ጉባኤ እጃችንን የምናወጣው በግቢያችን ሱቆች ቆሎ በወረቀት እንዲሸጥ፣ የዋጋው ልዩነትም ከሻጮቹ ኪስ ሳይሆን ከማኅበሩ መዋጮ እንዲከፈል ነው።