«እንደ» ያባረረው ፍርሃት

በቅርቡ አንድ ወጣት ደራሲ ቤቴል ከሚገኘው መኖሪያዬ ድረስ የመጀመሪያ ድርሰቱን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ሙታን ስለሚመላለሱበት ቤት የሚተርክ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ብቻ «እንደ» የሚለውን ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርሁ። ጉሙ እንደ ከፈን ይጋርዳል፤ ጨረቃዋ እንደ በሽተኛ ትገረጣለች፤ ነፋሱ እንደ ተኩላ ይጮኻል። እኔ በዚህ ሰፈር ሌሊት ሲጮኽ የሰማሁት ጅብ ነው። ተኩላውን ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው «ድባብ ለመፍጠር ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

መልሱ የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር። ነገር ግን ዘይቤ በበዛ ቁጥር ፍርሃት ይበዛል የሚለው እምነት በአያሌ ደራስያን ዘንድ ሥር ሰድዷል። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። ተነጻጻሪ ዘይቤ በባሕርዩ አጽናኝ ነው። «እንደ ከፈን» ያለ ሰው «ከፈን አይደለም» ማለቱ ነውና ለአንባቢው ማምለጫ በር ከፍቶለታል። የሰፈሬን ስም የያዘው የጥንቱ ቤቴል ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረበት ስፍራ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት መሰላሉ ከምድር እስከ ሰማይ መድረሱ ይነገራል እንጂ ከምንም ጋር አይነጻጸርም፤ ያዕቆብ ግን ሲነቃ ፈራ።

ይህን ስል ንጽጽር ሁሉ ይወገድ ማለቴ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር «ማክቤዝ» ውስጥ ገዳዩ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ጩቤ ያያል። የሚያነጻጽረውም ከሩቅ አገር ነገር ጋር ሳይሆን ከራሱ ወገብ ከሚመዘው ጩቤ ጋር ነው። ንጽጽሩ የሚያስፈራው ቅርብ በመሆኑ ነው።

ወደ ተለዋጭ ዘይቤ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። እኛ በቅኔ ያደግን ሰዎች ሰሙን አቅልጠን ወርቁን ማውጣት ለምደናል። አስፈሪ ታሪክ ግን ሰሙ እንዳይቀልጥ ይፈልጋል። ዛር የያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ በሥርዓቱ ላይ ያለ ሰው ግን ይህን እንደ ዘይቤ አይሰማውም፣ ጋላቢውን ያያል እንጂ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ይህን ሥርዓት ተከታትሎ መዝግቧል፤ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍም ከቴአትር ጋር አዛምዶታል። ተውኔት ጸሐፊ ነኝና በዚህ እቀናለሁ። አንዲት ቃል፣ ያለ መጋረጃና ያለ መብራት፣ መድረኩን ሞላችው!

«ቡዳ በላው» የሚለውም እንዲሁ ነው። ጥርስ ያየ የለም፤ በዪው ግን ይፈለጋል። ሲፈለግም የሚገኘው ከብረት ቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪዋ ደጅ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆች በሙያቸው እንዳይሰደቡ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ቃሉ ግን አዋጁን ተሻግሮ ኖረ።

ወደ ወጣቱ ድርሰት ልመለስ። በመካከሉ አንድ ምዕራፍ አለ። ሌሊት በጦር የተወጋ ጅብ ያመልጣል፤ በማግስቱ ቀጥቃጩ እያነከሰ ወናፉ ዘንድ ይቀመጣል። አንድም «እንደ» የለበትም። እውነቱን ለመናገር አስፈርቶኛል፤ ከድርሰቱ ሁሉ የላቀው ገጽ እርሱ ነው። እንዲለውጠው የጠየቅሁትም እርሱኑ ነው።

«የማያስፈራውን ነቅፈው ሲያበቁ የሚያስፈራውንም ያስወጡኛል?» ብሎ ተቆጣ። ቁጣው አግባብ ነበረው። ነገር ግን ፍርሃቱን ከሰው ተበድሮ ነው የጻፈው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ቀጥቃጩ ነው። ያንኑ ሌሊት ከቀጥቃጩ ጎጆ ውስጥ ሆነህ ጻፈው አልሁት። እሳቱ ጠፍቷል፤ ልጆቹ ተኝተዋል፤ በግድግዳው ስንጥቅ የችቦ ብርሃን ይታያል። ውጭ ያሉት ጎረቤቶች «በላው» ይላሉ።

ወረቀቱን ሰብስቦ ሄደ፤ እስካሁን አልተመለሰም።