ከማሽኑ ጋር ክርክር

«ኪቦርድ ነው እኮ!» ይባላል። አንድን ዘፈን ለማጣጣል ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ሰሚውም ራሱን ነቅንቆ ይስማማል። የክብር ዘበኛንና የፖሊስ ኦርኬስትራን ትራምፔትና ሳክስፎን እየሰማ ያደገ ሰው፣ ኋላ ላይ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሙሉ ካሴት ሲያቀናብር ቢያይና ቢከፋው አይፈረድበትም። እኔም ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ወንበር ሲደርሰኝ «ዋን ማን ባንድ» የሚባለውን ነገር ያመጣብንን ሰው በሆዴ ሳልወቅስ አልቀርም። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ጥሩንባው ሁሉ ከአንድ ሣጥን ይወጣል፤ ሙሽሮቹ ከሚገቡበት እስከ ኬክ ቆረሳው ድረስ ምቱ ፍንክች አይልም።

ቅሬታው እውነት ነው፤ ክሱ ያረፈው ግን በተሳሳተ ተከሳሽ ላይ ነው ባይ ነኝ። ለብቻው ቤቱ ተቀምጦ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ዋና ሥራው ማሽኑ ከፋብሪካ ይዞት ከመጣው ጠባይ ጋር መከራከር ነው። የተከራከረው ሙዚቃ ይሠራል። ያልተከራከረው የሠርጉን አዳራሽ ያደነቁራል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ወደ 1983 ልመለስ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የመሣሪያዎቹ ታሪክ የተጻፈው በዚያ ነውና)። ያማሃ በዚያ ዓመት ዲኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ ለገበያ አቀረበ። የድምፁ ዘዴ የተገኘው ቀደም ብሎ፣ በ1967 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ የነበረው ጆን ቻውኒንግ አንዱን የድምፅ ሞገድ በሌላው ሞገድ በፍጥነት ሲያነቃንቀው ደወል፣ ናስና እንጨት የሚመስል ድምፅ እንደሚወጣው አስተዋለ። ግሩም ነገር ነው። ችግሩ በዲኤክስ 7 አዲስ ድምፅ መፍጠር እጅግ ማድከሙ ነበር፤ በትንሽ መስኮት ላይ ቁጥር እያዩ፣ በቁልፍ እየተጫኑ መንገታገት ይጠይቃል። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች ፋብሪካው ባስቀመጠለት 32 ድምፅ ረክቶ ተቀመጠ። የዚያን ዘመን የልዩ ልዩ ሀገር ዘፈኖች ስንሰማ ያው አንድ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ እየተከተለን የሚመጣው ለዚህ ነው። ሰው ሰነፈ፤ ማሽኑ አቀናበረ።

የከበሮ ማሽኑ ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ በ1980 ያወጣው ቲአር 808 እውነተኛ ከበሮ መምሰል አቃተው። ተቺው ሳቀበት፤ ወደ 12,000 ገደማ ተሽጦ በ1983 ምርቱ ቆመ። ገንዘብ የሌላቸው የኒውዮርክ፣ የቺካጎና የዲትሮይት ወጣቶች ግን ያገለገለውን በርካሽ ገዙት። እነሱ ከበሮ እንዲመስል አልጠየቁትም። የራሱን ድምፅ እንዲያወጣ ተዉት፤ የሂፕ ሆፕም የሃውስም የቴክኖም መሠረት ሆነ። የዛሬው የዓለም ዳንስ ቤት የቆመው በዚያ «አልሳካ ባለ» ዕቃ ላይ ነው።

እንግዲህ ከኛ ሰዎች ለዚህ ክርክር ከሁሉ የላቀ ምስክር አድርጌ የምቆጥራቸው ጋሽ ኃይሉ መርጊያን ነው።

ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋችነታቸው ነው። ባንዱ አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት በነበረበት በደርግ ዘመን፣ ሰዓት እላፊ ስላለ ታዳሚው እዚያው ያነጋ ነበር፤ በር ይዘጋል፣ ሙዚቃው እስከ ንጋት ይቀጥላል። በ1981 ባንዱ ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄደ። ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ ቀረ፤ ጋሽ ኃይሉ ከቀሩት ናቸው። ባንድ የለመደ ሰው ብቻውን ሆነ ማለት ነው።

በ1985 በዋሽንግተን «ሸሞንሟናዬ» የሚለውን ዜማ የያዘውን ካሴት ሠሩ። በካሴቱ ላይ አብሯቸው የሚጫወት ባንድ የለም። የከበሮ ማሽን፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ያ ቅድም ያማሁት ዲኤክስ 7 አለ። ሁሉንም እየደራረቡ የተጫወቱት ራሳቸው ናቸው። ከሁሉ ፊት የቆመው መሣሪያ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ አኮርዲዮን ነው። ከኤሌክትሪክ ኦርጋን በፊት በየመሸታ ቤቱ ይሰማ የነበረው፣ ኪቦርድ መጥቶ ያባረረው፣ በልጅነታቸው የተማሩት አኮርዲዮን።

ይህን ሥራ በጥሞና የሰማ ሰው ክርክሩን ይሰማዋል። የከበሮ ማሽኑ ያለ ስሜት፣ ያለ ድካም፣ አንድ ወጥ ሆኖ ይመታል። አኮርዲዮኑ ላዩ ላይ ይተነፍሳል፤ ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ የሰው ትንፋሽ አለው፤ ከምቱ ትንሽ ይቀራል፣ ኋላ ይደርስበታል። ማሽኑ ሰው ለመምሰል አይሞክርም፤ ሰውየውም ማሽን ለመምሰል አይሞክሩም። ጋሽ ኃይሉ እነዚያን የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ሁሉ የሰበሰቡት የጠፋ ድምፅ ለመመለስ ነበር። አዲስ ዕቃ የገዛ ሁሉ አዲስ ድምፅ ለማውጣት በሚሯሯጥበት ጊዜ፣ ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ካሴቱ ግን በጊዜው ዓለምን አላንቀጠቀጠም። ጋሽ ኃይሉ ለዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዱ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እየጠበቁ፣ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ኋላ ወንበር ላይ ይለማመዱ ነበር። ከዚያ አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘውና ፈልጎ ደወለላቸው፤ ሥራው በ2013 እንደገና ታተመ። ኋላም «ላላ በሉ» በ2018፣ «የኔ ምርጫ» በ2020 ተከተሉ። ታሪኩን የውጭ ጋዜጦች እየተቀባበሉ እንደ ተረት አወሩት፤ ታክሲ ነጂው ኮከብ ሆነ እየተባለ። እኔ ግን ተረቱ ብዙም አይመቸኝም። ሰውየው በመካከሉ ያሉትን ዓመታት ሁሉ ሙዚቀኛ ነበሩ፤ ያጡት ልምምድ ሳይሆን ገዢ ነው። ደግሞ ካሴቱን ያገኘው ሰው የተሻገረው ውቅያኖስ ነው፤ እኛ ከባሕር ዳር ገበያ ለመግዛት ምን ያህል ይርቀን ነበር?

ወደ ዛሬው ልምጣ። አሁን ዋን ማን ባንዱ ላፕቶፕ ሆኗል። የአዲስ አበባ ወጣት አቀናባሪ መኝታ ቤቱ ውስጥ ፍራሹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ማሚቶውን ያፍናል፣ ጆሮ ማዳመጫውን ያደርጋል፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት የጀመረውን ለመጨረስ ይጣደፋል። ፕሮግራሙን ሲከፍት ማሽኑ ጥያቄ ሳይጠየቅ መልስ ሰጥቶ ይጠብቀዋል። ኤብልተን ላይቭ የተባለው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ያልተነካ ገጹ ሲከፈት በደቂቃ 120 ምት፣ በ4/4 ነው። ይህ የማን ጆሮ ነው? ያገራችን ጭፈራ በአብዛኛው በ6/8 የሚሄድ ነው፤ ሁለትና ሦስት አንድ ላይ ስለሚሳቡ ነው ትከሻ የሚፈታው። ደግሞ የተመታውን ሁሉ ወደ መስመሩ እየጎተተ የሚያስተካክል ቁልፍ አለ። ያ ቁልፍ አንዴ ከተነካ አዝማሪው ሆን ብሎ ያዘገየው ምት እንደ ስሕተት ታርሞ ይቀመጣል። ማሲንቆ ደግሞ ጣት የሚያርፍበት የተከፈለ ቦታ የለውም፤ አንዷን የጭራ ክር ጣቱ ባሰኘው ቦታ ይዳስሳታል። ኪቦርዱ ኦክታቩን እኩል ለ12 ቆርጦ ጨርሷል። የትዝታ ቅኝት በዚህ ክፍፍል ውስጥ ያለ ብዙ ጣጣ ይገባል። አንቺሆዬን ያስገባ ሰው ግን አንድ ነገር እንደጎደለበት ያውቀዋል፤ የጎደለውን ፍለጋ የድምፅ ማጠፊያውን መሪ ሲያሽከረክር ያመሻል።

ይህንን ማምሸት ነው እኔ ፈጠራ የምለው። በ2014 ሁለት ወጣቶች፣ ሚካኤል ሰይፉ «ያራዳ ልጅ» የተባለውን፣ እንደገና ሙሉ ደግሞ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል የመድረክ ስም «ቀን ሰው» የተባለውን ሥራ መቀመጫውን ዋሽንግተን ባደረገ 1432 አር በተባለ ትንሽ አሳታሚ በኩል አወጡ። «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚለው ስያሜ የተሰማው ከዚያ አካባቢ ነው። ሚካኤል በ2016 «ዘላለም»ን አስከተለ። በነዚህ ሥራዎች ውስጥ ክራርና ማሲንቆ ለቱሪስት እንደተሰቀለ ጌጥ አልገቡም። ምቱ ለእነሱ ሲል ይሰበራል፣ ይንገዳገዳል፤ ሰሚ አንዳንዴ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። ሀገር ውስጥ ሰሚ አላገኙም ማለት ይቻላል። በአንጻሩ በ2018 ሮፍናን «ነጸብራቅ»ን ይዞ ሲመጣ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ቅንብሩንም ራሱ ሠርቶ ስታዲየም የሚያህል ሕዝብ አስጨፈረ። ሮፍናን ሰሚው የለመደውን የግጥምና የዜማ መንገድ ስላልለቀቀ ነው የቀናው ብዬ አስባለሁ። ለሁለቱም ዓይነት ቦታ አለ፤ እኔ ግን ማታ ማታ የምመለሰው ወደሚያንገዳግደው ነው።

ለመነሻ ሐሳብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሌሊት ማኅሌት ከድምፅ ማጉያ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ሐምሌ፣ የታክሲ ረዳቱ ጥሪ፣ ሁሉም የሚቀዳ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን በገና ነው። የሲንተሳይዘር ሠሪዎች እንደ መጋዝ ጥርስ በሚሾል ሞገድ የሚያወጡትን ያን የሚነዝር፣ የሚንዘረዘር ድምፅ የበገና ሠሪዎቻችን ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ቆዳ ጣል ያደርጋሉ፤ አውታሩ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል። ጥርት ያለውን ድምፅ ሆን ብለው አደፈረሱት። ድምፅን ማደፍረስ የዘመኑ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፈሊጥ ነው የሚለን ሰው፣ አሥሩን አውታር ተቀምጦ ይስማ።

አሁን ወደማይወደደው ጉዳይ ልግባ። «ብቻዬን ሠራሁት» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ሙሉ እውነት አይደለም። አንድ ምሽት አዝማሪ ቤት በስልክ የተቀዳች የአሥር ሴኮንድ ማሲንቆ ተቆርጣ፣ ተደጋግማ፣ የአንድ ሙሉ ሥራ ነፍስ ትሆናለች። ሥራው በኢንተርኔት ዓለምን ይዞራል፤ የአዝማሪው ስም የትም የለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ከዋኝ በከወነው ላይ መብት አለው፤ የዘፈን ደራሲና የድምፅ ቀረጻ አሳታሚ ብቻ አይደለም የሚጠበቀው። ስለዚህ «ባህላዊ ነው፣ የሁሉም ነው» የሚለው ምክንያት አያስኬድም። ዜማው የሁሉም ሊሆን ይችላል፤ ያ አጨዋወት ግን የዚያ ሰው ነው።

የስም ነገር ካነሣሁ፣ የአቀናባሪን ስም ለሕዝብ ጆሮ በማስለመድ በኩል አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ባለውለታችን ነው። ካሴት ሲገዛ ማን እንደዘፈነው ብቻ ሳይሆን ማን እንዳቀናበረው ዞር አድርጎ የሚያነብ ሰሚ ያፈራው እንደ አበጋዝ ክብረወርቅ ሽዮታና እንደ ኤልያስ ያሉ ሰዎች ሥራ ነው። ኤልያስ በ2019 ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ ከባልደረቦቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ያስጀመረውም ገንዘቡ ለባለሙያው እንዲደርስ ነበር። ሙዚቃው ወደ ስልክ ሲገባ ግን ያ የካሴት ጀርባ ጠፋ፤ ስሙም አብሮ ጠፋ።

ለወጣት አቀናባሪዎች አንድ ልመና አለኝ። አዝማሪውን ስትቀዱ ስሙን ጠይቁት፣ ምን ልታደርጉበት እንደሆነ ንገሩት፣ ተስማሙ፣ ክፈሉት፣ ስሙንም ጻፉ። አንተ ሰሚው ደግሞ «ኪቦርድ ነው» ብለህ ከማለፍህ በፊት አንድ ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ስማው፤ ከወደድከው በነፃ ከቴሌግራም ከማውረድ ይልቅ ከሠሪው ግዛው።