አስናቀች ወርቁ፦ ክራሯ ተቀዳ፣ ትወናዋ አመለጠ

አስናቀች ወርቁ ስትነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ክራሯን ነው። እውነት ነው፤ ክራርን እንደ እሷ ያስወደደ ጥቂት ነው። ግን ይህ የታሪኳ ግማሽ ብቻ ነው። አስናቀች በዘመናዊው የኢትዮጵያ ቲያትር የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ ተብላ የምትጠቀስ ናት።

መድረክ ላይ የወጣችው በ1945 ገደማ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ቲያትር ነው። ከዚያ በፊት እናትም ሚስትም ሆነው የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ሴቶቹ ችሎታ አጥተው አልነበረም። ሕዝብ ፊት ቆማ የምትጫወት ሴት ስሟ ይጎድፍ ስለነበር ነው። «አዝማሪ» ስድብ በሆነበት ዘመን ይህን መድፈር ቀላል አልነበረም። ኋላም በ1948 በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ለዓመታት ሠርታለች።

ቁጭቱ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሠራውም፣ ቴሌቪዥን የተጀመረውም በ1957 ነው። የአስናቀች የመጀመሪያዎቹ 12 የመድረክ ዓመታት ካሜራ ሳያገኛቸው አለፉ። ግብፆች የዘመን እኩያዋን ፋተን ሐማማን ዛሬም በወጣትነት ፊቷ ያይዋታል። ወጣቷን ተዋናይት አስናቀችን ግን ማየት አይቻልም። ክራሯ የተረፈው ስለተቀዳ ነው፤ በፈረንጆቹ 2003 «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፓሪስ ተከታታይ 16ኛ አልበሙን ለእሷ ሰጥቷል። ራሄል ሳሙኤልም «አስኒ» በሚል ዘጋቢ ፊልም ሕይወቷን ተርካለች። አስናቀች ያረፈችው በመስከረም 2004 ነው።

«ቲያትር ተፈጥሮው ነው፤ መጋረጃው ሲዘጋ ያልቃል» የሚል ይኖራል። በ1945 ይህ ያስኬድ ነበር። ዛሬ ግን ሰበብ ነው፤ ካሜራው በየሰው ኪስ ውስጥ አለ።

ነገሩ ውጫሌን በተለይ ይመለከታል። ውጫሌ የአምባሰል ከተማ ናት፤ ክራር ከሚቃኝባቸው አራት ቅኝቶች አንዱ ደግሞ ስሙን የወሰደው ከአምባሰል ነው። ከተማዋ በ1881 ውልም ትታወቃለች፤ አማርኛው አንድ፣ ጣሊያንኛው ሌላ በተናገረበት ውል። የራስን ነገር ራስ በትክክል አለመያዝ ምን እንደሚያስከፍል ከውጫሌ ሰው የበለጠ ማን ያውቃል?

በየሠርጉና በየበዓሉ የሚያንጎራጉሩ እናቶች አሁንም አሉ። የሚጠይቀው ፈቃዳቸውን ማግኘት፣ ስልክ ማውጣት፣ ስማቸውን፣ ቀኑንና ዜማውን ከማን እንደተማሩት መመዝገብ ነው። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቅጂዎቹን የሚያስቀምጥበት አንድ ቁም ሳጥንና አንድ ኮምፒውተር አያጣም። የተማሪዎች የኪነት ክበባትም በአንድ ክረምት ብዙ መሥራት ይችላሉ።

አስናቀች መንገዱን ስትከፍት የሚቀርጻት አልነበረም። ዛሬ ያሉትም ሳይቀረጹ ካለፉ ግን ጥፋቱ የዘመኑ አይደለም፤ ስልክ ይዞ ዝም ያለው ሁሉ ነው።