ቀይ ጫማ ያደረጉት ልጆች ለእኛስ ምን እያሉን ነው?

በፈረንጆቹ አቆጣጠር 9ኛው ወር በገባ በ9ኛው ቀን፣ በእኛ ጳጉሜን 4 ላይ፣ በካናዳ፣ በብሪታኒያ፣ በአውስትራሊያና በሌሎች አገራት ቀይ ጫማ ያደረጉ ልጆች ይታያሉ። ቀኑ ከ1999 ጀምሮ የሚታሰብ ሲሆን ቁጥሩ የተመረጠው 9ኙን የእርግዝና ወራት እንዲያስታውስ ነው። ቀዩን ጫማ ያስጀመረው ደግሞ ካናዳዊው አር ጄ ፎርማኔክ ነው፤ እሱ ራሱ በማህፀን ሳለ አልኮል ጉዳት ያደረሰበት ሰው ነው። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ጫማውን ያየ ሰው «ለምን ቀይ አደረጋችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ወሬው ከዚያ ይጀመራል።

ነፍሰ ጡር የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል። የጽንሱ ጉበት ገና ስላልጠነከረ አልኮሉን ማስወገድ ይቸግረዋል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው አንጎል ነው። ችግሩ በ1973 በአሜሪካዋ ሲያትል ሐኪሞች ስም ከተሰጠው ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። በእርግዝና ወቅት «ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም» የሚባል መጠን እስካሁን አልተገኘም። በ2017 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በየዓመቱ 630 ሺህ ገደማ ሕፃናት ከዚህ ጉዳት ጋር እንደሚወለዱ ገምቷል።

አብዛኞቹ ልጆች ፊታቸው ላይ ምንም ምልክት የለም። ዛሬ የተማሩትን ነገ ይረሳሉ፣ ጫጫታ ይረብሻቸዋል፣ ሰዓትና ገንዘብ ማስላት ይከብዳቸዋል፣ ስሜታቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል። ትልልቁ ሰው ይህን አይቶ «ሰነፍ»፣ «እልኸኛ» ይላቸዋል። ልጆቹ አደባባይ ወጥተው የሚያስረዱት ይህንኑ ነው፤ እምቢ ብለው ሳይሆን አልችል ብለው ነው። ጉዳቱ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ቢሆንም በጊዜ ታውቆ ተገቢ ድጋፍ ያገኘ ልጅ ሕይወቱ በእጅጉ ይሻሻላል።

ችግሩን ሳይሸፋፍን የተጋፈጠ ማህበረሰብ ምን ሊሠራ እንደሚችል የምዕራብ አውስትራሊያዋ ፊትዝሮይ ክሮሲንግ ታሳያለች። በ2007 የአካባቢው ነባር ሕዝብ እናቶች ተሰብስበው ጠንካራ መጠጥ ከመሸጫ ቤት ተገዝቶ እንዳይወሰድ ጠየቁ፤ ገደቡም ተጣለ። ቀጥለውም ልጆቻቸው እንዲመረመሩ ራሳቸው ተመራማሪዎችን ጋበዙ። ከተመረመሩት 108 ልጆች በ21ዱ ላይ ጉዳቱ ተገኘ። እናቶቹ ውጤቱን አልደበቁም፤ ለልጆቹ ድጋፍ መጠየቂያ አደረጉት።

«ይህ እኛን አይመለከትም፣ ኸምር በዲናችን ሐራም ነው» የሚል ይኖራል። ክልከላው ታላቅ ኒዕማ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም በመካከላችን በቅርቡ የሰለሙ እናቶች አሉ፤ የወላጆቻቸውን ታሪክ የማናውቅላቸው የቲም ልጆችን የሚያሳድጉ ቤተሰቦች አሉ፤ በሱስ ተይዘው በድብቅ የሚጠጡም አሉ። መጠጡ ሐራም መሆኑን ማወቃችን ልጁ ፊታችን ሲቀመጥ እንድናውቀው አያደርገንም።

ጉዳዩ መድረሳችን ድረስ ይገባል። ትናንት የሐፈዘውን አያ ዛሬ የሚረሳ፣ ተቀመጥ ሲባል መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ በብዙ ቦታ የሚጠብቀው አለንጋ ነው። የሚረሳ ልጅ ሁሉ ይህ ችግር አለበት አንልም፤ የመርሳት መንስኤ ብዙ ነው። ነገር ግን ኡስታዙ ከመምታቱ በፊት «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅና ወላጆቹን ወደ ሐኪም ቢመራ ከበደል ይድናል።

ሌላው እናቶችን መወንጀል ነው። ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን የሚያውቁት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። ውርደትን የምትፈራ እናት ለሐኪም እውነቱን አትናገርም፤ ያኔ የሚከፍለው ልጁ ነው። ባልም ከተጠያቂነት ነፃ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ መጠጥ ያስገባው እሱ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላሉ መሸጥንም ከልክሏል። መልካም እርምጃ ነው። ጠላና አረቄ ግን ማስታወቂያ አያስፈልጋቸውም፤ በየሰፈሩ አሉ። ስለዚህ ኢማሞቻችን በኹጥባ፣ የጤና ባለሙያዎቻችን በየመስጂዱ በሚሰጡት ትምህርት ይህን ጉዳይ ቢያነሱት፣ ለሙስሊሙም ለጎረቤቱም ይጠቅማል።

ልጆቹ ያለ ጥፋታቸው የተሸከሙትን ሸክም በአደባባይ ለመናገር አላፈሩም። እኛም ለመስማት አንፈር። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።