ከጉና የሚወርደው ውሃ ሳይደርስ

ይድረስ ለእንፍራንዝ፣ ለይፋግና ለአዲስ ዘመን ወገኖቼ፤ በተለይ ለመምህራንና ለተማሪዎች።

ከሜሪላንድ የምጽፍላችሁ ስለ ዝናብ ወሬ ነው።

በነሐሴ 1998 ጎርፍ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን እንዴት እንዳጥለቀለቀ ታስታውሳላችሁ። ርብም ጉማራም የሚነሡት ከጉና ነው። ጉና ላይ ማታ ዶፍ ሲጥል፣ ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ተራው የዝናብ መለኪያ ደግሞ የሚነበበው በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ለጥናት ይበቃል፤ ሌሊት ለሚመጣ ጎርፍ ግን አይደርስም።

እዚህ አገር ይህን ክፍተት አማተር ሬዲዮ የሚሠሩ ሰዎች በገዛ ኪሳቸው ሲሞሉት አያለሁ። ዘዴው ኤ.ፒ.አር.ኤስ. ይባላል፤ የፈጠረው በአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ቦብ ብሩኒንጋ ነው። ጓሮ ውስጥ የቆመ መሣሪያ ነፋሱን፣ ሙቀቱን፣ ርጥበቱን፣ የአየር ግፊቱንና ባለፈው አንድ ሰዓት የዘነበውን፣ ከቆመበት ቦታ ጋር አጭር መልእክት አድርጎ በየጥቂት ደቂቃው ይልካል። በአቅራቢያው ያለ ጣቢያ ሰምቶ ያሻግረዋል፤ ሌላው ተቀብሎ ኢንተርኔት ላይ ያወጣዋል። ኢንተርኔት ቢጠፋም ከጣቢያ ወደ ጣቢያ መተላለፉ አይቆምም። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ የከረመባችሁ እናንተ፣ የዚህን ጥቅም ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሳይቀር በላያችሁ ሲያልፍ በ145.825 ሜጋ ኸርትዝ እንዲህ ያለውን መልእክት ተቀብሎ መልሶ ይለቅቃል።

የዚህን መሣሪያ የዝናብ መለኪያ ብትከፍቱት ውስጡ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ የምትል ባለ ሁለት ጎን ጽዋ አለች። በብዙዎቹ 0.2 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ቀጭ ብላ ትገለበጣለች፤ የሚቆጠረው ያ መገልበጥ ነው። ቅጠል ወይም የወፍ ኩስ ውሃው ወደ እርሷ የሚገባበትን ቀዳዳ ከደፈነው፣ ሰማይ ተቀዶ እየወረደ ዜሮ ትላለች። ሬዲዮውም ዜሮውን በታማኝነት ያሰራጫል። ለዚህ ነው «መሣሪያ ገዝተን እንላክላቸው» የሚሉኝን ወዳጆቼን ታገሡ የምላቸው። መጀመሪያ በየሳምንቱ የሚጠርገው ሰው ይገኝ።

ሁለት ነገር አደራ። ያለ ፈቃድ ማሰራጫ አታቁሙ። የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ መንገዱን ግን የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበርን በመጠየቅ ጀምሩ። ጣቢያቸው፣ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ.፣ አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የተተከለ መለኪያ የት እንዳለ ሁሉም ቢያውቀው ጉዳት የለውም፤ በታንኳ ወይም በመኪና የሚሄድን ሰው እግር በእግር የሚያሳይ መሣሪያ ግን በዚህ የግጭት ጊዜ አትያዙ።

ለማሻገሪያው ጣቢያ ቦታውስ አላችሁ። የዚህ ሬዲዮ ሞገድ የሚደርሰው ከሞላ ጎደል ዓይን እስከሚያይ ድረስ ነው፤ የጉዛራ ኮረብታ ደግሞ ጣናን ቁልቁል ያያል። የአንቴናው ሽቦ እዚያ ወዳለው የዐፄ ሠርጸ ድንግል ግንብ እንዳይጠጋ ብቻ፤ ኮረብታው ሰፊ ነው።

እስከዚያው ሬዲዮ አትጠብቁ። ጉና ሥር ያለ አንድ ትምህርት ቤትና አዲስ ዘመን ያለ አንድ ትምህርት ቤት ተራ የዝናብ መለኪያና የስልክ ቁጥር ይዘው በዚህ ክረምት መጀመር ይችላሉ። ሌሊት ነቅቶ የሚያድረው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው፤ ዶፍ በጣለ ቁጥር በየሰዓቱ አይቶ ወደ ታች ቢደውል ከማንም ይቀድማል፤ ለድካሙም ሊከፈለው ይገባል። ያንን ክፍያ፣ ባትሪውንና ሶላሩን፣ ፈቃዱ ሲወጣም ሬዲዮውን እዚህ ያለነው እናዋጣለን። ደብተሩን የሚይዝ መምህርና በተራ የሚጠርጉ ተማሪዎች ስታገኙ፣ ግንቦት ሳያልቅ ጻፉልኝ።

አክባሪ ወንድማችሁ